በሻሽ የታሰረ ክንድ

ፋርማሲስቷ የመድኃኒት ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር መደንገጥ ከተወች ሰንብታለች፤ ቢያንስ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው። የዚያን ቀን የምሳ ሰዓት ሲቃረብ የገቡትን ሴትዮ ባየች ጊዜ ግን በግራ እጇ የያዘችው የሳል ሽሮፕ ከመሰበር ለጥቂት ተረፈ። የገቡት ጄኔራሏ ነበሩ።

ጄኔራሏ ጦር ሜዳ ውለው አያውቁም። ዕድሜያቸውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚመገቡበትን ማእድ ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ፣ በጭልፋ እየጠቆሙ የሚያዝዙ፣ ድስት ፊት ቆሞ የሚያመነታ አብሳይ ከሩቅ የሚሸታቸው ሴት ናቸው። ማዕረጉን የሰጧቸው አብሳዮቻቸው ሲሆኑ፣ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ማዕረጉ አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የአናጺው እናት ናቸው። ፋርማሲስቷ ደግሞ የዚያን አናጺ ቀለበት፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳትጨምርበት፣ በአክስቷ እጅ የመለሰች ሴት ነች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ፤» አለች፤ ድምፅዋ እንዳይከዳት እየተጠነቀቀች።

«ጤናውን ፍለጋ ነው የመጣሁት፤» አሉና ግራ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

ከአውራ ጣታቸው ሥር አንስቶ እስከ አንጓቸው ድረስ ቆዳው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል።

«ይቀመጡ። በምን ተቃጠሉ?»

«በእንፋሎት። ድንች ሳጠል።»

ፋርማሲስቷ ቁስሉን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው፤ ቅባቱን በስሱ ቀባችው። ከዚያም አምና የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ወዲህ በድን የሆነውን ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ አንስታ የፋሻው ጫፍ ላይ አሳረፈችው። ክንዱ በክብደቱ ጫፉን ያዘላት፤ እሷም የቀረውን በግራዋ ተርትራ ቁስሉን ጠቀለለችበት። ጄኔራሏ ዓይናቸውን ከዚያ ክንድ ላይ አልነቀሉም።

«እንደ ክብደት ትጠቀሚበታለሽ ለካ፤» አሉ ቀስ ብለው። «ይህቺን አላሰብናትም።»

እፍረትና ንዴት ተሽቀዳድመው ፊቷ ላይ ወጡ። የሰውን ትኩር ያለ እይታ የለመደች መስሏት ነበር፤ ከእኚህ ሴት ሲመጣባት ግን አልቻለችም።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ የሚሠሩት በቀኝ እጅዎ ነው። ግራዎን እንዴት እንፋሎት አገኘው?»

«እሱን ተይው። ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ።» ጄኔራሏ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ያለው ድምፃቸው ከጩኸታቸው ይልቅ ያስፈራል። «ልጄ ነገ ጠዋት ይሄዳል። ሩቅ ከተማ ነው፤ ትልቅ ሆቴል እየተሠራ ነው፤ በሩንም አልጋውንም እሱ ነው የሚሠራው። የመሣሪያ ሣጥኑን በገመድ ጠፍሮ አስቀምጦታል። መቼ ትመለሳለህ ስለው ዝም ይለኛል። እምቢ ማለት መብትሽ ነው፤ በዚያ አልጣላሽም። ግን ምን በደልንሽ? በራችሁ ላይ እየመጣ አክስትሽ ‹የለችም› ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ የመኝታ ቤትሽ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ እያየ ይመለሳል። ምክንያቱን ስጪኝና ልሂድ።»

ነገ ጠዋት የሚለው ቃል ደረቷ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ውስጧ የታፈነው ነገር ሁሉ ቦታ አጣና ገንፍሎ ወጣ።

«አየኋችሁ!» አለች። «በማእድ ቤታችሁ መስኮት አየኋችሁ! እርስዎ ቀኝ ክንድዎን በሻሽ ከወገብዎ ጋር አስረው፣ በግራ እጅዎ ሽንኩርት ሊቆርጡ ይንደፋደፋሉ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። በእኔ ነበር የምትቀልዱት። በእኔ!»

ይህን ለአክስቷ አልነገረችም። ለትራሷ እንኳ ጮክ ብላ አልነገረችውም። አሁን ከአፏ ሲወጣ ሰምታ ራሷ ደነገጠች።

የጄኔራሏ ዓይን እንባ ሞላ፤ ነገር ግን ጥፋቱ የተገለጠበት ሰው እንባ አይመስልም ነበር።

«የዚያን ቀን መጥተሽ ነበር?»

«መጥቼ ነበር።»

«ያየሽውም ያንን ብቻ ነው።»

«ከዚያ በላይ ምን ይታያል?»

ሴትዮዋ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ጋውንሽን አውልቂ። ምሳ ሰዓት ነው፤ ዝጊና ነይ።»

«ወዴት?»

«ወደ ማእድ ቤት። በአፌ አላስረዳሽም። እኔ በሕይወቴ ማንንም በአፌ አሳምኜ አላውቅም፤ ሁልጊዜ አቅምሼ ነው።»

እምቢ ልትል አሰበች። ልቧ ግን ቀድሟት በሩ ጋ ደርሶ ይጠብቃት ነበር።

*

ጄኔራሏ ፊት ፊት ይራመዳሉ፤ እሷ ከኋላ ትከተላለች። ይህን መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የሄደችበትን ቀን እያንዳንዱ የግንብ አጥር ያስታውሳት ነበር።

ያደገችው አብሳይ በማይታጣበት የነጋዴ አባቷ ቤት ነው፤ እንቁላል እንኳ ቀቅላ አታውቅም። አናጺውን የወደደችው ለመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ሊሠራ በመጣ ጊዜ ሲሆን፣ ያን መደርደሪያ ተወልውሎ እስኪያልቅ ድረስ በሸራ ሸፍኖ እንዳታየው ከልክሏት ነበር። «ያላለቀ ዕቃ ለባለቤቱ አላሳይም፤» ይላል። ከአደጋው በኋላም ከአልጋዋ አጠገብ አልተለየም። አክስቷ ግን ጠዋት ማታ አንድ ነገር ትደጋግምባት ነበር፦ «የአናጺ ሚስት፣ ያለ ሠራተኛ፣ በአንድ እጅ? ምን አብስለሽ ልታበዪው ነው?» ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳት። አንድ ከሰዓት በኋላ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ጄኔራሏ ቤት የሄደችውም «እማማ፣ ምግብ ማብሰል ያስተምሩኝ» ልትል ነበር። በመስኮቱ በኩል ያየችው ያንን ትዕይንት ነው። በሩን ሳታንኳኳ ተመለሰች።

አሁን በዚያው መስኮት አጠገብ ስታልፍ ፊቷን አዞረች። ጄኔራሏ የማእድ ቤቱን በር ከፈቱ።

በመጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ የገባው ሻሹ ነበር። ከበሩ ጀርባ በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ብዙ ከመታሰሩ የተነሣ መሃሉ ተጨማዷል። አንድ ቀን ለቀልድ የታሰረ ጨርቅ እንዲህ አይጨማደድም።

«እሰሪኝ፤» አሉ ጄኔራሏ ጀርባቸውን ሰጥተው።

«እማማ!»

«እሰሪኝ አልኩሽ! በአንድ እጅ እንዴት እንደሚታሰር እኔም ገና አልቻልኩበትም። ጫፉን በጥርስሽ ያዢው።»

በጥርሷና በግራ እጇ አሰረቻቸው። እኚያ ግዙፍ ሴት ቀኝ ክንዳቸው ከጎናቸው ተጣብቆ ዞረው ሲቆሙ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ተፋጠጡ። ፋርማሲስቷ አንድ ነገር ውስጧ ሲላወስ ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ለመጥራት ግን ገና ፈራች።

«ተመልከቺ፤» አሉ። «ይሄ መክተፊያ ነው።»

ከጣውላው መሃል ዝገት የማይነካቸው ሁለት ምስማሮች ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ወጥተዋል። ጄኔራሏ ሽንኩርቱን አንሥተው ምስማሮቹ ላይ ሰኩት፤ ሽንኩርቱም የትም ላይንቀሳቀስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምስማሩ ከመኖሩ በፊት ሽንኩርት በአንድ እጅ መቁረጥ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ቢላዋውን ሳሳርፍበት ተስፈንጥሮ የልጄን ግንባር መታው። የአናጺ ግንባር ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ እሱ ግን በሳቅ ሞተ። ‹እማዬ፣ ሽንኩርት ተኮስሽብኝ› ይላል። አንቺ ያየሽው ሳቅ እሱ ነው። በማግስቱ ምስማሩን መታ።»

ፋርማሲስቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ለእኔ ነው?» አለች። ድምፅዋ አልወጣም ነበር፤ ከንፈሯ ብቻ ነበር የተንቀሳቀሰው።

«ለማን ይሆን ታዲያ? እኔ ሁለት እጅ አለኝ፤ ያውም አንዱን አቃጥዬ!» ጄኔራሏ ፋሻቸውን ወደ ላይ አነሡት። «ድንቹን ከነድስቱ በአንድ እጅ ገልብጬ ላጠል ስል እንፋሎቱ ለበለበኝ። ከተቃጠልኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ድስቱን ለምን አነሣዋለሁ? ድንቹን ከመጀመሪያው በሽቦ ማጥለያ ውስጥ አድርጌ ብቀቅለው፣ ሲበስል ማጥለያውን ብቻ ብድግ! ውሃው እዚያው ይቀራል። ያን ሁሉ ዘመን አብስዬ ይህን ለመማር አንድ እጄን ማሰር ነበረብኝ።»

እንባዋ መጣ። ጄኔራሏ አዩትና ቢላዋውን በእጀታው በኩል ዘረጉላት።

«ለቅሶ ከፈለግሽ ሽንኩርቱ እዚህ አለ። ሥሪ።»

*

ፋርማሲስቷ ሽንኩርቱን ከፈለችው። አልተንሸራተተም። ደግማ ቆረጠች፤ አሁንም አልተንሸራተተም። የመጀመሪያው ቁራጭ ወፍራም፣ ሁለተኛው ጠማማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢላዋው ዜማውን አገኘ። ከአደጋው ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ቆርጣው የማታውቀው ነገር እፊቷ ላይ ሲቆለል እያየች የልቧ ምት ከቢላዋው ምት ጋር መሽቀዳደም ጀመረ።

«ካሮቱን ይስጡኝ!» አለች።

«እዩዋት! ታዝዘኛለች!» አሉ ጄኔራሏ በደስታ።

ጎድጓዳ ሳህኑ ሲሾርባት፣ ጄኔራሏ አንድ ጨርቅ አርጥበው ጨምቀው ከሥሩ አነጠፉላት፤ ሳህኑ እንደ ተተከለ ቀረ። የነጭ ሽንኩርቱን ፍንካቾች ባለ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ ከተው «ነቅንቂው፣ የበደለሽን ሰው እያሰብሽ!» አሏት። በኃይል ነቀነቀችው፤ ክዳኑ ሲከፈት ልጣጩ ለብቻው፣ ፍሬው ለብቻው ሆኖ አገኘችው። ዝንጅብሉን በማንኪያ ጠርዝ ፋቀችው። የቲማቲሙን አናት በቢላዋ በመስቀል ጫር አድርጋ የፈላ ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ስታደርገው ቆዳው በራሱ ጊዜ ተጠቀለለ። የዘይቱን ጠርሙስ መክፈቻ ግን አጣችለት።

«መሳቢያውን ክፈቺ፤» አሉ ጄኔራሏ። «ልጄ ውስጡን በጎማ አልብሶታል። ጠርሙሱን አቁሚበት፤ በዳሌሽ ገፋ አድርጊው፤ አሁን ጠምዝዢ።»

በዳሌዋ ገፋች። መሳቢያው ጠርሙሱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ክዳኑ ጠቅ ብሎ ዞረ።

«ተከፈተ!» ብላ ጮኸች። «እማማ፣ ተከፈተ እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ወርቅ የተገኘ ይመስለዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። በሳቁ መሃል ጄኔራሏ ሊሰኩ ያነሡት ድንች ከእጃቸው አመለጠ፤ በወለሉ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ ምድጃው ሥር ገባ። አንዲት ክንዷ የታሰረ አሮጊት ጎንበስ ብላ ድንች ስታባርር ባየች ጊዜ ፋርማሲስቷን የያዛት ሳቅ ሌላ ሆነ። ግድግዳውን ተደገፈች። እንባዋ ወረደ። ያኔም ድንገት ገባት፦ እሱ የቆመው በዚሁ ቦታ ነበር፤ የሳቀውም ይህንኑ ሳቅ ነበር። በውስጡ አንዲት ቅንጣት ክፋት እንዳልነበረበት የራሷ ደረት መሰከረላት።

ቀና ስትል አናጺው በመስኮቱ ማዶ ቆሟል።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላወቀችም። ጆሮው ላይ የሰካት እርሳስ እንዳለች ነች፤ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል። ፊቱ ግን ተለውጦ ነበር፤ ከስቷል። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። እሷ የዚያን ቀን የሮጠችበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ እሱ አልሮጠም።

*

ገባና በሩ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?»

«ምሳ ነው። የዚያን ቀን እንደ ታሰርኩ በመስኮት አይታን ነበር፤ በእሷ የምንቀልድ መስሏት ነው የሄደችው፤» አሉ ጄኔራሏ በአንድ ትንፋሽ። ነገር ማጉላላት አይወዱም።

ድስቱ መንተክተክ ጀምሯል።

«አየሽና አመንሽ፤» አለ አናጺው።

«አመንኩ።»

«እኔ በአንቺ እጅ እንደምስቅ።»

«አዎ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አክስቴ ‹ይስቁብሻል› ስትለኝ ከርማለች። አንድ ቀን መጥቼ ሳቅ ሰማሁ። ፈርቼ ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር ያየሁ መሰለኝ። በሩን አንኳኩቼ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። አጥፍቻለሁ።»

«በር ላይ ስመጣስ? አንዲት ቃል እኮ ነበረች። ስደቢኝና ልሂድ ብዬ ነበር የምመጣው።»

«አፍሬ ነው! ቆስዬ ነው! ግን አንተስ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ለራሷም አዲስ ድምፅ ነበር። «እጁ የማን ነው? የእኔ አይደለም? መክተፊያው ለእኔ፣ መሳቢያው ለእኔ፣ እናትህ የተቃጠሉት ለእኔ። ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም? ለምን አልጠራኸኝም?»

«አላለቀም ነበር፤» አለ ግራ ተጋብቶ። «ታውቂኛለሽ፤ ያላለቀ ዕቃ አላሳይም።»

«እኔም እኮ አላለቅኩም!»

«እኔም ገና አላለቅኩም፤» አለች ደግማ፣ አሁን በቀስታ። «ክንዴን ምን እንደማደርገው በየቀኑ ነው የምማረው። ተልጌ፣ ተወልውዬ እስክወጣ ነው የምትጠብቀኝ? እንዳለሁ፣ ሳላልቅ፣ አብሬያችሁ ልቁም። ሽንኩርቱ የእኔንም ግንባር ይምታው።»

በዚህ መሃል ሾርባው አረፋውን ተሸክሞ እስከ ድስቱ አፍ ደረሰ። ጄኔራሏ ወደ እነሱ ሳይዞሩ የእንጨት ማማሰያውን በድስቱ አፍ ላይ አጋደሙበት፤ አረፋው ማማሰያውን ነክቶ ሟሸሸ፤ ወደ ታችም ተመለሰ። ለሁለቱ ሰዎች ልብ ግን የሚጋደም ማማሰያ አልተገኘም።

አናጺው ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አላነሣም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እሺ፤» አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «እሺ፣ እየጠየቅኩሽ ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?»

ይህን ጥያቄ ከአደጋው ወዲህ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሐኪሞቹ ነግረዋታል፤ አክስቷ ወስናላታለች፤ እሷም ለራሷ ፈርዳለች። እንደዚህ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ቀረብ አለችና እርሳሷን ከጆሮው ላይ ወሰደች። ጣቷ ጆሮውን ሲነካው ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ጠረጴዛው የተሠራው በእናትህ ቁመት ነው፤» አለች። «እኔ ትከሻዬ እስኪያመኝ ተንጠራርቼ ነው የምቆርጠው። ጨውና ቅመሙም በቀኝ በኩል ነው የተደረደረው፤ ግራ እጄ በድስቱ እንፋሎት ላይ አልፎ ነው የሚደርስበት። ወደዚህ ይምጣ።» በርከክ አለችና የጠረጴዛው እግር ላይ በግራ እጇ መስመር አሰመረች። መስመሩ ጠመም ያለ ነበር፤ የት እንደሚቆረጥ ግን በግልጽ ያሳያል። «ከዚህ ይቆረጥ።»

«ያ የእኔ ጠረጴዛ እኮ ነው፤» አሉ ጄኔራሏ። «አንቺ ካሳጠርሽው እኔ ጎብጬ ልሥራ?»

ፋርማሲስቷ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አናጺውን አየችው። «ለእርስዎ ሌላ ይሠራልዎታል። ይሄ ወደ እኛ ቤት ይሄዳል።»

ወደ እኛ ቤት። ቃሉ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ወጣና የመስኮቱን መስታወት ያደበዘዘ መሰለ።

«መጋዙ ሣጥን ውስጥ ነው፤» አለ አናጺው። «ታስሯል። ከታች ነው።»

«ታዲያ እጅህ ታስሯል?» አሉ እናቱ። «የታሰርኩት እኔ ነኝ!»

ሮጦ ወጣ። ከጓሮው ገመድ ሲፈታ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ መሣሪያ በመሣሪያ ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ለሩቅ መንገድ በጥንቃቄ የታሸገው ሁሉ ተዘረገፈ። ሲመለስ በአንድ እጁ መጋዝ፣ በሌላው የምስማር ጣሳ ይዞ ነበር። ጣሳውን አጋድሎ አሳያት፤ በምስማሮቹ መሃል ቀለበቱ ቢጫ ሆኖ ያበራል።

«ከሁሉም ዕቃዬ በታች ነበር ያስቀመጥኩት፤» አለ።

«መጀመሪያ ጠረጴዛው፤» አለችና ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። «ሆቴሉስ?»

«አልጋ የሚሠራ ሌላ አናጺ አያጡም። ብሄድም ብቻዬን አልሄድም። መድኃኒት ቤት የሌለበት ከተማ የለም።»

ዕቃውን አነሡ፤ ጠረጴዛውን በጎኑ አጋደሙት። አናጺው መጋዙን መስመሯ ላይ ሲያሳርፍ ግን ጠረጴዛው ተወዛወዘ። ጄኔራሏ ሊይዙት ፈለጉ፤ አንዱ እጃቸው ታስሯል፣ ሌላው ቆስሏል።

«ቆይ፤» አለች ፋርማሲስቷ።

አጠገቡ ተንበረከከች። ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ አንሥታ ጣውላው ላይ አጋደመችው፤ በላዩም ደረቷን ደገፍ አድርጋ ክብደቷን ሰጠችው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

መጋዙ ሄደ፤ ተመለሰ። ሰጋቱራው በቀኝ እጇ ጣቶች ላይ ይዘንብ ጀመር። ጣቶቿ አልተሰማቸውም። የመጋዙ ንዝረት ግን በጣውላው በኩል አልፎ፣ ስሜት በሌለው ክንዷ ውስጥ ተጉዞ ትከሻዋ ላይ ደረሰ፤ ከትከሻዋም ወደ ደረቷ ወረደ። ጉንጩ ከጉንጯ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። የትኛው ንዝረት የመጋዙ፣ የትኛው የልቧ እንደሆነ መለየት ተሳናት፤ መለየትም አልፈለገች።